ያልመዘገብኩት የራምፕ ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 መጨረሻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ኬክ አስቆርሶ፣ አንድ ፊደል የጎደለው ስሜ የታተመበት ሰርተፊኬት ሰጥቶ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያገኘኝ "ምን ነበር የምትሠራው?" ይለኛል። "ፐርሚት ቢሮ" እላለሁ። አጥር፣ ጋራዥ ወይም በረንዳ መሥራት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ የሚያወጣበት ካውንተር ኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜአለሁና ውሸት አይደለም። ከሥራዬ ግን አንዱ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይበልጥብኛል። የምጽፈው ስለ እርሱ ነው። እዚያ ላይ የሠራሁትን ደህና ነገርም፣ አንድ ትልቅ ጥፋቴንም እንደሆነው አስቀምጣለሁ።

አበራ እባላለሁ። አዲስ አበባ በአንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ድራፍትስማን፣ የሕንፃ ንድፍ አንሺ፣ ነበርኩ። በስደት ናይሮቢ ቆይቼ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ያለችው ኮለምበስ ስገባ መጀመሪያ የኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ሻትል፣ የመንገደኛ ማመላለሻ፣ ነዳሁ፤ እግረ መንገዴን ኮሌጅ ተማርኩ። ከዚያ ከኮለምበስ ጋር ድንበር ከሚጋሩት ትንንሽ ከተሞች በአንዱ ማዘጋጃ ቤት ተቀጠርኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የሚሠሩባት ሰዎች አሁንም እዚያው ናቸው፣ ክፉዎችም አይደሉም። መኖሪያዬ ሂልቶፕ የሚባለው የኮለምበስ ሰፈር ስለሆነ ሥራ ለመድረስ በየጠዋቱ ኮለምበስን ከዳር እስከ ዳር አቋርጥ ነበር። ደሞዙ ከሻትሉ ይሻላል፣ ኢንሹራንስም አለው፤ ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እያንዳንዱ ከተማ ስለ ቤት የራሱ ደንብ አለው። አጥር ከዚህ አይርዘም፣ በቤቱና በመንገዱ መካከል ይህን ያህል ጫማ ባዶ ቦታ ይኑር፣ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ ከዚህ ቁጥር አይብለጡ ይላል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ምንም የማይመስል ደንብ በዊልቸር የሚሄደውን ከገዛ ቤቱ ደጅ ያስቀረዋል። የፌዴራሉ ሕግ ለዚህ መልስ አለው። አካል ጉዳተኛው ቤቱን እንደ ሌላው ሰው እንዲኖርበት ካስፈለገ፣ ከባድ ጉዳት እስካላስከተለ ድረስ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደንቡን ማላላት አለበት። በእንግሊዝኛው "ሪዝነብል አኮሞዴሽን" ይሉታል። ብዙ ሰው ይህ ግዴታ የአከራይ ብቻ ይመስለዋል። የከተማም ነው።

ይህን ያስተማረኝ ዋልተር የሚባል ሰው ነው። የዞኒንግ፣ የቦታና የግንባታ ደንብ፣ ኃላፊያችን ነበር፤ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ከምትገኝ ትንሽ ከተማ የመጣ፣ ወጣትነቱን በአናጢነት የጨረሰ ጥቁር አሜሪካዊ። ረጅምና ዝምተኛ ነበር። ማመልከቻ ሲደርሰው ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት የመኪናውን ቁልፍ ያነሳል። ቤቱ ጋ ሲደርስ በዋናው በር አይገባም። "አንተ የምትገባው በየት ነው?" ብሎ ባለቤቱን ይጠይቅና በዚያው ይገባል፤ በጋራዥ ከሆነ በጋራዥ፣ በጓሮ ከሆነ በጓሮ። ተቀመጥ ካልተባለ አይቀመጥም። ደረጃ የሚለካው በሁለት የተለያዩ መለኪያ ሜትሮች ነበር፤ የአንዱ ጫፍ ከታጠፈ ሩብ ኢንች ይዋሻል፣ ሩብ ኢንች ከፍታ ደግሞ ሦስት ኢንች ራምፕ፣ የዊልቸር መወጣጫ ተዳፋት፣ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ለአንድ ኢንች ከፍታ አንድ ጫማ ርዝመት። ራምፑ ከዚያ ይበልጥ ቀጥ ካለ ወደ ላይ የሚገፋው ይደክመዋል፣ ወደ ታች የሚወርደው ዊልቸሩ ያመልጠዋል። በሩ ፊት ደግሞ ዊልቸሩ የሚዞርበት አምስት ጫማ በአምስት ጫማ ሜዳ ያስፈልጋል። ዋልተር ኪሱ ውስጥ የጎልፍ ኳስ ይይዝ ነበር። ጎልፍ ተጫውቶ አያውቅም። ራምፑ ሲያልቅ ሜዳው ላይ ያስቀምጣታል፤ ሸሽታ ከሄደች አናጢው ይመለሳል።

ማስታወሻ ደብተሩን መሐል ለመሐል በእርሳስ መስመር ይከፍለዋል። በግራ፣ ሰውዬው ቤቱ ላይ ምን ማድረግ እንዳቃተው ይጽፋል። በቀኝ፣ ምን ቢደረግለት እንደሚችል። ግራና ቀኙ ከተገናኙ ነገሩ አለቀ። በሽታው ምንድነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። አንድ ጊዜ እኔ አንዲት ሴትዮን ጠየቅኩ። ስንወጣ መኪናው አጠገብ አቆመኝና፣

"ያ የሐኪሟ ጉዳይ ነው። ያንተ ጉዳይ ደረጃው ነው" አለኝ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገጠመን አንድ የአጥር ጉዳይ ነበር። አንዲት እናት የማዕዘን ቦታ ላይ ባለ ቤቷ ፊት ለፊት ስድስት ጫማ አጥር አቆመች። ደንቡ የሚፈቅደው አራት ነው። ጎረቤቶች ከሰሷት፣ እኔም የማፍረሻ ማስጠንቀቂያ አዘጋጀሁ። ዋልተር ማስጠንቀቂያውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ይዞኝ ሄደ። ሴትየዋ ሃያ ዓመት የሞላት፣ መናገር የማትችል ልጅ አለቻት። ልጅቷ መኪና ሲያልፍ ስታይ ወደ መኪናው ነው የምትሮጠው፤ አራት ጫማ አጥር ደግሞ ለእርሷ እንደ ደፍ ነው። እናትየዋ ይህን ለካውንተሩ ተናግራ ነበር። የሰማኋት እኔ ነበርኩ፤ "ፎርም አምጪ" ብዬ መልሻታለሁ።

ዋልተር መኪና ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲህ አለኝ። "ጥያቄ ማለት ፎርም አይደለም። ሰው አፉን ከፍቶ 'በዚህ ምክንያት ይህ ያስፈልገኛል' ካለህ ተጠይቀሃል። በስልክም ይሁን በመንገድ ላይ፣ ሕጉን ይወቅ አይወቅ፣ ተጠይቀሃል። የዚያን ቀን መዝግበው።"

አጥሩ ቆመ። እኔም ከዚያ በኋላ መዝገብ ያዝኩ፤ ቀን፣ ስም፣ ምን አለ፣ ምን መለስኩ። ዓመታት ሲያልፉ ሥራው ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ለአራት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ጎልማሶች ቤት የተከራየ ድርጅት፣ ኦክሲጅን ይዞ ስለሚሄድ ጓሮው ድረስ መኪና ማስገባት የፈለገ ሽማግሌ፣ በየዓይነቱ አየሁ። አብዛኛው በሁለት ሳምንት ያልቃል። ዋልተር በ2019 መጨረሻ ጡረታ ወጥቶ ክሊንተንቪል በሚባለው የኮለምበስ ሰፈር ቤቱ ገባ። በምትኩ ብራያን የሚባል ወጣት ዳይሬክተር መጣ፤ ንጹሕ፣ ቸኩሎ የሚሄድ፣ ኢሜይል አጥርቶ የሚጽፍ ሰው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኮቪድ ገባ።

በ2020 ማርች ቢሮው ለሕዝብ ተዘጋ። ላፕቶፕ ተሰጥቶን ወደ ቤት ሄድን፤ የካውንተሩ ስልክ ወደ ሞባይሌ ተዞረ። ከቤታችን ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ የልጄን የድሮ ጠረጴዛ አጸዳሁና እዚያ ቁጭ አልኩ። የዞኒንግ ቦርዱ መሰብሰብ አቆመ። ቦርዱ ማለት ከደንብ ውጭ ለመሥራት የሚፈልግን ሰው ጉዳይ ጎረቤት ባለበት ሰምቶ የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል የነዋሪዎች ኮሚቴ ነው። ይህን ፈቃድ "ቫሪያንስ" እንለዋለን። ብራያን ኢሜይል ላከ፤ ቦርዱ እስኪከፈት ቫሪያንስ የሚያስፈልገው ሁሉ ይቆይ ይላል። ቫሪያንስ ደግሞ ቦርዱ ከወደደ የሚሰጠው ነው። አኮሞዴሽን ሕጉ የሚያስገድደው ነው፤ ቦርድ አይጠብቅም። ልዩነቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበረም።

ኤፕሪል ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

"አበራ ነህ? ጽጌ ነኝ፤ የደምሴ ባለቤት።"

እትዬ ጽጌን በቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። ባላቸው ጋሽ ደምሴ ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ሳቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ቤታቸው እኔ በምሠራበት ከተማ ውስጥ ነው። ከገና በኋላ ጋሽ ደምሴ በስኳር ምክንያት ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ማገገሚያ ገብተው ነበር።

"እንዴት ናቸው?" አልኳቸው።

"ደህና ነው። ጨርሷል፤ ውሰዱት ብለውናል። ግን ቤት መግቢያ የለውም። ደረጃው አራት ነው። ራምፕ ከሌለ ዲስቻርጅ አናደርገውም አሉ። አናጢው መጥቶ አየና፣ ራምፑ ወደ መንገዱ ስለሚጠጋ ከተማው አይፈቅድም አለኝ። ከተማው ደግሞ አንተ ነህ ብዬ ነው።"

ቤቱን አውቀዋለሁ። እንደ አብዛኛው የሰፈሩ ቤት ከመንገዱ እንዲርቅ ደንቡ ባሰመረው ወሰን ልክ ላይ የቆመ ነው፤ ከፊቱ ምንም ቢሠራ ደንብ ይጥሳል። "ቫሪያንስ ያስፈልገዋል፣ ቦርዱ ደግሞ ተዘግቷል" አልኳቸው።

"እስከ መቼ?"

"አይታወቅም። ፎርሙ ዌብሳይቱ ላይ አለ፤ እስከዚያ ሞልተው ይላኩት።"

"ዌብሳይት እኔ የት አውቄ። ልጄ ሊድያም ሥራ ላይ ናት። ራሳችን ብንሠራውስ? የቤተ ክርስቲያን ልጆች እንጨት ይዘን በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን ብለውኛል።"

"እንዳታደርጉት" አልኳቸው። "ያለ ፈቃድ ከተሠራ አፍርሱ ትባላላችሁ። ትንሽ ይታገሱ።"

"እሺ። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ቤተሰብ ደህና ነው?"

ደህና ነው አልኩ። ከአራት ደቂቃ በላይ አላወራንም። ስልኩን ዘጋሁና ስለ አንድ ሼድ፣ የጓሮ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ወደምጽፈው ደብዳቤ ተመለስኩ።

ጋሽ ደምሴ ማገገሚያው ውስጥ ቆዩ። ኮቪድ እዚያ ገባ። ጠያቂ ስለማይፈቀድ እትዬ ጽጌና ልጃቸው በመስኮት ውጭ ቆመው በስልክ ያነጋግሯቸው ነበር አሉ። ሜይ ውስጥ ሞቱ። ቀብሩ ላይ ከአሥር ሰው በላይ አልተፈቀደም፤ እኔ አልሄድኩም። ዜናውን የሰማሁት ከባለቤቴ ነው። "ነፍስ ይማር" አልኩና ወደ ቤዝመንት ወረድኩ።

መዝገቡን ከፈትኩት። የዚያን ቀን ሦስት ስልክ ተመዝግቧል፤ አንድ አጥር፣ አንድ ሼድ፣ አንድ የመኪና መግቢያ። የእትዬ ጽጌ የለም። ለምን እንዳልመዘገብኩት ለረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ብራያንን ፈርቼ አልነበረም። ሥራ በዝቶብኝም አልነበረም፤ ሼዱን መዝግቤአለሁ። ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ ያወራነው በአማርኛ ነበር። ስለ ቤተሰብ ተጠያይቀን፣ እግዜር ይስጥልኝ ተባብለን ስንጨርስ የዘመድ ወሬ እንጂ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ አልመሰለኝም። አንዲት የማላውቃት አሜሪካዊት ያንኑ በእንግሊዝኛ ብትለኝ ኖሮ እስክሪብቶዬን አነሳ ነበር። ራሴን ለወገኔ የምቆም ሰው አድርጌ ስቆጥር ኖሬአለሁ፤ የመረመርኩት መዝገብ ግን ከወገኔ የመጣውን ጥያቄ ብቻ ዘሎታል።

ሜይ አልፎ በጋው ሲገባ ዋልተርን ለማየት ክሊንተንቪል ሄድኩ። ማስክ አድርገን በረንዳው ላይ ዳርና ዳር ተቀመጥን። ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"ከፍታው ስንት ነበር?" አለ።

ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነበር። "አላውቅም፤ አልለካሁትም።"

"ሄደህ አላየኸውም ማለት ነው።"

"አላየሁም።"

ቀጥሎ፣ "መዝግበኸዋል?" አለኝ።

"ሰውየው እኮ ሞተዋል።"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

በማግስቱ መዝገቡን ከፍቼ ጻፍኩ። የስልኩን ቀን፣ ያሉትን፣ የመለስኩትን። "ተጠያቂው ሠራተኛ ጥያቄውን በስህተት እንደ ቫሪያንስ ቆጥሮታል" ብዬ ጨመርኩ። ከላይ "ዘግይቶ የገባ" ብዬ የጻፍኩበትን ቀን አስቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ሰፈሩ ነዳሁ። እትዬ ጽጌ ቤት አልነበሩም። ከእግረኛ መንገዱ ላይ ሆኜ ደረጃውን ዓይኔ እስኪደክም አየሁት። በሩን ሳያንኳኩ መለካት ነውር መስሎኝ ሜትሩን ሳላወጣ ተመለስኩ።

ብራያን የወሩን መዝገብ ሲያይ ደወለልኝ። በሁለተኛው ቀን የከተማው ጠበቃ ባለችበት በቪዲዮ ተሰበሰብን። ጠበቃዋ ጨዋ ሴት ነበረች።

"ይህን ለምን አሁን ጻፍከው?" አለችኝ።

"ያን ጊዜ ስላልጻፍኩት።"

"ማንም ክስ አላቀረበም። ይህን ማስገባት ግዴታህ አይደለም። ከተማውን ብቻ አይደለም፣ ራስህንም ነው የምታጋልጠው። ለጡረታህ ስንት ቀረህ?"

"ሁለት ዓመት ገደማ።"

"እንግዲያው አስብበት። መሰረዝ ትችላለህ አልልህም፤ አስብበት ነው የምልህ።"

ብራያንን ካሜራው ላይ ሲያቀረቅር ብቻ ነው ያየሁት። እኔም መዝገቡን እንዳለ ተውኩት። ድፍረት አልነበረም። የእነርሱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ መስረቅ ያቃተኝ ይመስለኛል።

መዝገብ ውስጥ መጻፍ ግን ለእትዬ ጽጌ መንገር አይደለም። ይህን እያወቅኩ የበረዶውን ክረምት በሙሉ አሳለፍኩት። እንዲህ ያለ መብት የተነፈገ ሰው ለመንግሥት አቤቱታ የሚያቀርበው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በ2021 ማርች መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራቸውን አንኳኳሁ።

ሊድያ ናት የከፈተችው። እዚሁ የተወለደች፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ናት። ሳሎን ተቀመጥን። እትዬ ጽጌ ጥቁር ለብሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ናቸው። ሻይ ላምጣልህ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ ሳልነግራቸው የሚበላ የሚጠጣ ነገር መቀበል ከበደኝ። ከዚያ ይቅርታ ለምኜ ነገርኳቸው። የዚያን ቀን የጠየቁኝ ሕጉ የሚሰጣቸውን መብት እንደነበር፣ ፎርምም ቦርድም እንደማያስፈልገው፣ በሳምንት ልጨርሰው እችል እንደነበር፣ ይህንን ደግሞ አውቅ እንደነበር።

"ዩ ኒው?" አለች ሊድያ። ታውቅ ነበር? ማለቷ ነው።

"አውቅ ነበር።"

"ጋሼ አበራ፣ ዩ ኒው? ኤንድ ዩ ቶልድ ኸር ቱ ዌይት?" ተነሥታ ቆመች። እናቷን ይታገሱ ያልኩ እኔ መሆኔን ነው የምትለው። ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ ኩሽና ሄደች፤ ቧንቧው ተከፍቶ ሲፈስ ይሰማኛል።

እትዬ ጽጌ እጃቸውን እያዩ ነበር። "እንጨቱ ተገዝቶ ነበር" አሉ። "ልጆቹ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። አንተ አይሆንም ስትለኝ ነው የመለሱት።"

ቀሚሳቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉና ጠየቁኝ።

"ያን ቀን እሺ ብትለኝ፣ ይኖር ነበር?"

"አላውቅም እትዬ ጽጌ።"

"እኔም አላውቅም።" ቀና አሉ። "ግን ቢሞትም ቤቱ ይሞት ነበር።"

የመጣሁበትን ሁለተኛ ጉዳይ ነገርኳቸው። አቤቱታ ለማቅረብ ሦስት ሳምንት እንደቀራቸው፣ የት እንደሚቀርብ፣ የእኔ መዝገብ ለማስረጃ እንደሚሆናቸው። አድራሻውን በወረቀት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"ሥራህን አያሳጣህም?" አሉኝ።

"ሊያሳጣኝ ይችላል።"

ወረቀቱን አነሡና ሳያነቡት አጥፈው ለሊድያ ሊሰጡ ወደ ኩሽና ሄዱ። የሸኘኝ ሰው አልነበረም፤ በሩን ራሴ ዘግቼ ወጣሁ። ደረጃው አራት ነው፤ ስወርድ ቆጠርኩት።

አቤቱታው ቀነ ገደቡ ከመሙላቱ ከአራት ቀን በፊት ገባ። የጻፈችው ሊድያ ናት፤ በኋላ ሳነበው አንድም ቃል ያላጋነነ ነበር። መርማሪ መጥቶ ለሁለት ሰዓት ያህል ጠየቀኝ፤ ለመርማሪውም ያንኑ ደገምኩ። መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፣ ፋይሌ ውስጥ ገባ። አላባረሩኝም። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት አለቀ። ስለ ካሳው እትዬ ጽጌ ብዙም አልተከራከሩም፤ በሽምግልናው ጠረጴዛ ላይ ሙጥኝ ያሉት አንድ ነገር ነበር። "ደንቡ ይቀየር" አሉ በአስተርጓሚ። "እኔ የጠየቅሁት በአፌ ነው። በአፉ የጠየቀ ሰው ይመለስለት።"

አዲሱን ደንብ እንዳረቅ የተመደብኩት እኔ ነኝ፤ ቅጣት ይሁን እምነት እስካሁን አልለየሁትም። አንድ ገጽ ተኩል ነው። የአካል ጉዳተኛ ጥያቄ ወደ ቦርድ አይሄድም፤ ሠራተኛ ይወስናል። ጥያቄው በቃልም፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ የሰማው ሠራተኛ ራሱ ይመዘግበዋል። ቦርዱ ቢዘጋም፣ ቢሮው ቢዘጋም አይቆምም። ምክር ቤቱ ፊት ሲቀርብ አንድ የምክር ቤት አባል፣

"ሰው ሁሉ ስልክ አንስቶ የፈለገውን ሊሠራ ነው ማለት ነው?" አለ።

መልሱን እያዘጋጀሁ ሳለ ብራያን ከኋላዬ ተነሣ። እንዲናገር አልተጠየቀም። "ባለፈው ዓመት ሁሉም ይቆይ የሚለውን ኢሜይል የላክሁት እኔ ነኝ" አለ። "ከእሱ ውስጥ የማይቆየውን ለይቼ አልጻፍኩም። ይህ ደንብ ቢኖር ኖሮ ያንን ኢሜይል መጻፍ አልችልም ነበር።" ተቀመጠ። አንድ ድምፅ ሲቀር ሁሉም ደገፉት። ስንወጣ ብራያን በአጠገቤ አልፎ ወደ መኪናው ሄደ፤ ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲህ አውርተን አናውቅም።

ከእትዬ ጽጌ ጋር አልታረቅንም፤ ተጣልተንም አናውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉኛል፣ እኔም ጎንበስ እላለሁ። ሊድያ ታልፈኛለች። ትክክል ናት። ይቅርታ ስትለምን ያቀልልሃል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ የለመንኩት አንድ ጊዜ ነው፤ የቀረውን ለእነርሱ ትቼዋለሁ።

ከሥራ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻውን ፍተሻ ያደረግሁት በ2022 መከር ነው። ማርሊን የምትባል፣ ድሮ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ የነበረች ሴት መልእክት ትታ ነበር። ጡንቻዋ እየደከመ ሄዶ ዊልቸር ላይ ከዋለች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። በእነዚያ ወራት ብቻዋን ከቤት ወጥታ አታውቅም፤ ወንድሟ ሲመጣ ዊልቸሩንም እርሷንም ተሸክሞ ነው የሚያወርዳት። መልእክቷን በሰማሁበት ሰዓት መዘገብኩ፣ በነጋታው ሄድኩ፣ በምትገባበት በር ገባሁ፣ በሁለት መለኪያ ሜትሮች ለካሁ። ሃያ ሁለት ኢንች። ፈቃዱ በዘጠነኛው ቀን ወጣ። ራምፑ ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ ታጥፎ መንገዱ ድረስ ይወርዳል፤ በድሮው ደንብ አይሆንም ነበር።

አናጢው የራምፑን የመጨረሻ ጣውላ እየቸነከረ ሳለ ደረስኩ። የእጅ መደገፊያውን ነቀነቅኩት፣ ጠርዙን በእጄ ዳሰስኩት፣ ቁልቁለቱን ለካሁት። ደህና ነበር። ማርሊን በሩ ላይ ኮቷን ለብሳ ተቀምጣ ስታየኝ ነበር።

"ልሞክረው?" አለች።

"የአንቺ ነው" አልኳት።

ቀስ ብላ ወረደች። ማጠፊያው ላይ ቆም አለች፣ ዞረች፣ ቀሪውን ወረደች። ታች ስትደርስ ዞራ ትመለሳለች ብዬ ፎርሙ የተያዘበትን ክሊፕቦርዴን አዘጋጀሁ፤ የእርሷ ፊርማ ያስፈልገኛል። አልቆመችም። እግረኛ መንገዱ ላይ ወጥታ ወደ ግራ ታጠፈች።

"ማርሊን! ወዴት ነው? ፊርማ ይቀራል!" አለ አናጢው።

ፊቷን ሳታዞር አንድ እጇን ወደ ላይ አነሣች። ከዚያ እጇን ወደ መንኮራኩሩ መልሳ ፈጠን አለች፤ የማዕዘኑን ዛፍ አልፋ ከዓይናችን ተሰወረች።

አናጢው መዶሻውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። "ምን እናድርግ? እንጠብቃት?"

"እንጠብቃት" አልኩት።

ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅናት።